ሦስት ማይክና አንድ ሲባጎ

ድራም ቤት ውስጥ ልቀዳ ነው ስል፣ ደሴም ኮምቦልቻም ያሉ ሙዚቀኛ ወዳጆቼ መልሳቸው አንድ ነበር። «ምን አደከመህ? በኪቦርድ አስገባው!» ክፋት የለውም። ሥራው የሚሠራው እንደዚያ ነው። የሰርግ ሙዚቃም ይሁን ነጠላ ዜማ፣ ብዙውን ጊዜ ድራሙ የሚመጣው ከኪቦርድ ወይም ከላፕቶፕ ነው። ወጪው ትንሽ ነው። ምት አይስትም። ጎረቤት አያስቀይምም። ምሳም አይበላም።

እኔን ያልተመቸኝ ያ ምት አለመሳቱ ነው። ችክችካን ውሰዱ። ስድስት ስምንተኛ ነው ይባላል፤ ወረቀት ላይ ስድስቱም ምቶች እኩል ናቸው። ጥሩ ድራመር ሲመታው ግን እኩል አይሆኑም። አንዱ ትንሽ ይዘገያል፣ ሌላው ቀደም ብሎ ይገባል። ትከሻ የሚያስነሳው ያ ክፍተት ነው። አምባሰል ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸው የዚሁ የወሎ ቦታ ስም ነው። እዚህ ያደገ ድራመር እነዚህን ዜማዎች የሚያውቃቸው በጆሮ እንጂ በቁጥር አይደለም። ዘፋኟ አንድ ቃል ላይ ድምፅዋን ስትጎትት ቀና ብሎ ያያትና ይጠብቃታል። ኪቦርድ አይጠብቅም። እሷ ናት ኪቦርዱን የምትጠብቀው።

ስለዚህ ሰው የሚመታው ድራም ፈለግሁ። ሰውየውም ድራሙም ነበሩ። የጎደለው ማይክ ነው።

ዩቲዩብ ላይ ስለ ድራም ቀረጻ የፈለገ ሰው ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል። ለስኔር፣ ድራመሩ ፊት ላለው ሹል ድምፅ ላለው ከበሮ፣ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ። ለኪክ፣ በእግር ለሚመታው ትልቁ ከበሮ፣ ከውስጥ አንድ፣ ከውጭ አንድ። ለእያንዳንዱ ቶም፣ ለሌሎቹ ከበሮዎች ማለት ነው፣ አንድ። ለሃይሃት፣ በእግር ለሚከፈቱና ለሚዘጉት ጥንድ ሲምባሎች (የብረት ሳህኖች)፣ አንድ። ከላይ ሁለት፣ ከዚያ ደግሞ ለክፍሉ ሁለት። አሥርና አሥራ ሁለት ማይክ ተደርድሮ ድራሙ ራሱ አይታይም። ያ ሁሉ ማይክ ቢገኝ እንኳ የሚሰካበት ሳውንድ ካርድ፣ ማይክን ከላፕቶፕ የሚያገናኘው ዕቃ፣ እኛ ጋ የለም።

ግን ማይክ ማነሱ የእኛ ዘመን ችግር አይደለም። አማሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አማሃ ሪከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ሲጀምር፣ የአዲስ አበባ ባንዶች ሸክላ የሚቀዱት አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው፣ አብረው እየተጫወቱ፣ በጥቂት ማይክ ነበር። ድራሙን ለብቻ አውጥቶ ማስተካከል የሚባል ነገር አልነበረም። ዛሬም ስንሰማው የሚገርመን ድራም የተቀዳው በዚያ መንገድ ነው። ከባሕር ማዶም ያው ነው። እንግሊዛዊው የቀረጻ ባለሙያ ግሊን ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1968 ለንደን ውስጥ የሮክ ባንዱን የሌድ ዜፕሊንን የመጀመሪያ አልበም ሲቀዳ፣ ለባንዱ ድራመር ለጆን ቦናም ድራም የተጠቀመው በጣት የሚቆጠር ማይክ ነው። አቀማመጡ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ያንን ግዙፍ ድምፅ የሰማ ሰው ቢያንስ ሃያ ማይክ ይገምታል።

የግሊን ጆንስ አቀማመጥ ቀላል ነው። አንድ ማይክ ከስኔሩ በላይ፣ ወደ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ቁልቁል ይመለከታል። ሁለተኛው በድራመሩ ቀኝ፣ መሬት ላይ ከሚቆመው ትልቅ ቶም፣ ከፍሎር ቶሙ፣ ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ስኔሩና ወደ ሃይሃቱ ያዞራል። ሦስተኛው ኪኩ ፊት ነው። አራተኛው፣ ካስፈለገ፣ ስኔሩ አጠገብ። ሕጉ አንድ ነው። ሁለቱ የላይ ማይኮች ከስኔሩ መሃል እኩል መራቅ አለባቸው። ወደዚህ ሕግ እመለሳለሁ፤ የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ምክንያት እሱ ነው።

አራት ማይክ ለቃቅመን አገኘን። ሁለት ኮንደንሰር የሚባሉ ስሱን ድምፅ ሁሉ የሚይዙ ማይኮች፣ አንዱ የእኔ አንዱ የተዋስኩት። ከእነሱ ጋር አንድ የድምፃዊ ዳይናሚክ ማይክና አንድ ሹር ኤስ ኤም 57። ይህ 57 የሚባለው ማይክ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ አለ፣ ምስማር ቢመቱበትም የሚሠራ ይመስለኛል። አራት ማይክ የሚቀበል ሳውንድ ካርድ ያዋሰኝ ኮምቦልቻ ውስጥ መንዙማ የሚቀዳ ወዳጄ ነው። የራሴ ሁለት ብቻ ነው የሚቀበለው።

ጊዜ መምረጡ ከዕቃው ይልቅ አስቸገረን። ድራሙ የእኛ አይደለም፣ የአንድ የምሽት ቤት ባንድ ነው። ጥር ላይ ሰርግ ስለሆነ አይገኝም። ሁዳዴ ላይ ሥራ ፈቶ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ ግን በጾም ሰፈር መሃል ድራም የሚደበድብን ሰው ደሴ ላይ ማን ዝም ይለዋል? ረመዳን ላይም ያው ነው። ክረምት ደግሞ ቆርቆሮ አለ። የሐምሌ ዝናብ የደሴ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ድራመሩ ራሱን አይሰማም። ቀረልን ጥቅምት፣ ሲበዛ እስከ ኅዳር አጋማሽ። ከዚያ የነቢያት ጾም ይገባል። ከተማው ሳይዘፍን የሚውልበት ወር ብዙ ነው። ተቆጥሮ ሲታይ ነው የሚታወቀው።

ቤቱን በተመለከተ መጀመሪያ ያሰብነው ኮምቦልቻን ነበር። አንድ ዘመዳችን አዲስ ቤት ሠርቷል። የብሎኬት ቤት፣ ሳሎኑ ሰፊ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ልስልስ ያለ ልስን፣ ጣሪያው ጂፕሰም። ገና ዕቃ አልገባበትም። «ከዚህ የተሻለ ስቱዲዮ ከየት ይመጣል?» አለ በኩራት። መሃል ላይ ቆሜ አንዴ አጨበጨብኩ። ጭብጨባው «ትርርርር» ብሎ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላጋ ቆየ። ትይዩ የሆኑ ሁለት ጠንካራ ግድግዳዎች ድምፁን እየተቀባበሉ ይጫወቱበታል። አንድ ጭብጨባ እንዲህ ከሆነ ክራሽ ሲምባል ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ማይክ የድራሙን ድምፅ ለይቶ አይሰማም። ክፍሉንም ይሰማል። ማይኩ ሲያንስና ከድራሙ ሲርቅ ደግሞ የክፍሉ ድርሻ ይጨምራል። አሥራ ሁለት ማይክ ድራሙ ላይ የሚያስጠጋ ሰው መጥፎ ክፍል ውስጥም ቢሆን የሆነ ነገር ይዞ ይወጣል። በሦስት ማይክ ግን ክፍሉ የሙዚቃ መሣሪያው ግማሽ ነው።

ዘመዳችን ቅር እንዳይለው ሻይ ጠጥተን ወደ ደሴ ወጣን።

ደሴ ላይ የአክስቴ ቤት አለ። ወደ ጦሳ ተራራ ከፍ ብሎ ካሉት የቆዩ ሰፈሮች በአንዱ ውስጥ ያለ የጭቃ ቤት ነው። ልጅ ሆኜ ይህን ቤት አፍርበት ነበር። አሁን ግን ገብቼ ሳጨበጭብ ጭብጨባው እዚያው ሞተ። ምንም የተመለሰ ነገር የለም። ምክንያቱ አንድ በአንድ የሚታይ ነው። ጭድ ያለበት የጭቃ ልስን ወጣ ገባ ነው፤ ድምፁን በአንድ አቅጣጫ አይመልሰውም። ግድግዳዎቹ ቀጥ ብለው አያውቁም፣ ትይዩ የሚባል ነገር የለም። ሳሎኑ ውስጥ ሶፋ፣ አልጋ፣ የተቆለለ ፍራሽና ልብስ የታጨቀበት ቁም ሳጥን አለ። ከሁሉም በላይ ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው።

በአቡጀዲ ኮርኒስ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቤት ውስጥ ድራም የሚቀዳ ሰው ትልቁ ጠላቱ ዝቅ ያለ ጣሪያ ነው። የሲምባሉ ድምፅ ወደ ላይ ወጥቶ ጣሪያውን ይመታና ወደ ላይኛው ማይክ ይመለሳል። ማይኩ ከጣሪያው ግማሽ ሜትር ቢርቅ፣ የተመለሰው ድምፅ ከዋናው ወደ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይደርሳል። ጆሮ ይህን እንደ ማሚቶ አይሰማውም። ድምፁ ቧንቧ ውስጥ የገባ መስሎ ነው የሚሰማው። የተወጠረ ጨርቅ ግን ቀጭኑን ድምፅ በከፊል ይመጥጠዋል፣ ወፍራሙን ያሳልፈዋል። ከጨርቁ በላይ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ባዶ ቦታ ስላለ ድምፁ እዚያ ገብቶ ይደክማል። ውጭ አገር ስቱዲዮ የሚሠሩ ሰዎች ጨርቅ ወጥረው፣ ከኋላው ክፍተት ትተው፣ ብዙ ገንዘብ አውጥተው የሚሠሩት ነገር ይኸው ነው። አክስቴ ኮርኒሱን በጂፕሰም ልትቀይረው ገንዘብ እያጠራቀመች ነው። ምን እላታለሁ? የእሷ ሕይወት ከእኔ ሲምባል ይበልጣል።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ እንቁላል ካርቶን። ብዙ የቤት ስቱዲዮዎች ግድግዳቸውን በእንቁላል ካርቶን ይለብጣሉ። ካርቶኑ ቀጭን ስለሆነ የሚነካው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው፣ እሱንም በጥቂቱ። ባሱ እንዳለ ይቀራል፤ ክፍሉ የታፈነና የሚያጉረመርም ይሆናል። ድምፅ ወደ ጎረቤት እንዳይወጣ አይከለክልም። እሳት ከነካው ደግሞ አደገኛ ነው። ፍራሽና ጋቢ ይሻላሉ። ወፍራም ብርድ ልብስ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቆ መስቀል ከብዙ ካርቶን ይበልጣል።

ጎረቤት ማስፈቀድ ግዴታ ነው። ድራም በአንድ በር አይታገድም። አጥር የምንጋራቸው ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። «ሐጂ፣ ነገና ከነገ ወዲያ ቤት ውስጥ ድራም ልንመታ ነው፣ ይፍቀዱልን» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። «አብሽር ልጄ፣ ምቱ። ከዙህር በኋላ ግን ጋደም እላለሁ» አሉኝ። ሰዓታችን በዚያው ተወሰነ። በሌላ በኩል ያሉት እናት የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሰርግ ነው እንዴ? ሳትጠሩኝ!»

ድራሙን እንደ ተከልነው አልቀዳንም። ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ነው። የምሽት ቤት ድራም ለዓመታት የተደበደበ ነው። የስኔሩ የላይ ቆዳ መሃሉ ሰርጉዷል። ፔዳሉ እየጮኸ ነው። ቶሙ ሲመታ ከምቱ በኋላ ረጅም «ዉዉዉ» አለው። ማይክ ሲበዛ እነዚህን መደበቂያ ዘዴ ይኖራል። እኛ ዘንድ ግን ፔዳሉ ከጮኸ ዘፈኑም ውስጥ ይጮኻል። ፔዳሉን ዘይት ቀባነው። የስኔሩን ቆዳ ቀየርነው፤ ሙሉ ሥራው ውስጥ አዲስ የገዛነው ዕቃ እሱ ብቻ ነው። ቶሞቹን ብሎን በብሎን፣ አንዱን አጥብቀን ተቃራኒውን እያጠበቅን፣ በየብሎኑ አጠገብ በጣት ኳ ኳ እያደረግን ድምፁ ዙሪያውን አንድ እስኪሆን ድረስ ቃኘናቸው። ይህ ግማሽ ቀን ወሰደ። ኪኩ ውስጥ የተጣጠፈ ጋቢ አስገባን፣ ቆዳውን እንዲነካ ግን እንዳይጫነው። ከድራሙ ሥር ምንጣፍ አነጠፍን። ምንጣፍ ድምፅ ይመጥጣል፤ ኪኩ ወደ ፊት እንዳይሸሽም ይይዛል።

ከዚያ አንድ ማይክ ብቻ አቆምን። አራት እያለን።

አንዱን ኮንደንሰር ከድራሙ ፊት ለፊት፣ ወደ አንድ ሜትር ተኩል አርቀን፣ በደረት ከፍታ ተከልነው። ድራመሩ ለአንድ ደቂቃ ያህል መታ፣ ቀዳን፣ አብረን ሰማን። የተሰማው ሲምባል ነው። ሃይሃትና ክራሽ፣ ከሥራቸው ድሮ ስኔር የነበረ ነገር። ድራመሩ ፊቱን አኮሳተረ።

«ማይኩ ነው» አለ።

«ማይኩ አይደለም ወንድሜ።»

«ክለብ ውስጥ እንዲህ ነው የምመታው። ሲምባል ካላጮህኩ ማን ይሰማኛል?»

«እዚህ የሚሰማህ ማይክ ነው። እሱ ደግሞ አልጠጣም።»

ሳቀ። ግን ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም፣ የሥራው ልብ እዚህ ጋ ነው። ማይክ ሲበዛ ሃይሃቱ ቢጎላ በኋላ ትቀንሰዋለህ፣ ስኔሩ ቢያንስ ትጨምረዋለህ። ማይኩ ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ ስኔሩም ሃይሃቱም አንድ ትራክ ላይ አብረው ናቸው። ሃይሃቱን ስትቀንስ ስኔሩ አብሮት ይወርዳል። ስለዚህ ሚክሱ የሚሠራው ላፕቶፕ ላይ ሳይሆን ድራመሩ እጅ ላይ ነው። ቀኝ እጁ ሃይሃቱን በስሱ መንካት፣ ግራ እጁ ስኔሩን በሙሉ ኃይል መምታት አለበት፣ በአንድ ጊዜ። የለመደውን ተቃራኒ ማለት ነው። ለአንድ ሰዓት ያህል አልሆነለትም። አንዱን ሲያላላ ሌላውም ይላላል። ኋላ ላይ ቀለል ያለ ዱላ ቀየርን፣ ሲምባሎቹን ከፍ አደረግናቸው፣ እየመታ ራሱን በሄድፎን እንዲሰማ አደረግን። ያኔ ተገለጠለት። እኔ አንድም ቃል አልተናገርኩም፤ የሰማውን ራሱ አስተካከለ። ሦስት ማይክ ያለው ሰው ጥሩ ድራመር ይፈልጋል። አሥራ ሁለት ያለው ደህና ድራመር ይበቃዋል።

በአንድ ማይክ ሚዛኑ ሲስተካከል ነው ሌሎቹን ያመጣናቸው። አሁን ወደ ሲባጎው።

ድምፅ በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሳንቲሜትር ያህል ይጓዛል። አንዱ የላይ ማይክ ከስኔሩ አንድ ሜትር፣ ሌላው አንድ ሜትር ከ17 ሳንቲሜትር ቢርቅ፣ የስኔሩ ምት ሁለተኛው ማይክ ላይ ግማሽ ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል። ሁለቱ ትራኮች አንድ ላይ ሲደመሩ 1000 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። ከዚያ በላይም በየተወሰነው ርቀት እንዲሁ ቀዳዳ ይፈጠራል። ስኔሩ ቀጭንና ባዶ ይሆናል። ኢኪው፣ ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ የሚያስተካክለው መሣሪያ፣ አያድነውም፣ የጠፋ ነገር አይጨመርም። መፍትሔው ሁለቱን ማይኮች እኩል ማራቅ ብቻ ነው።

ለዚህ ሜትር አያስፈልግም። የሲባጎውን አንድ ጫፍ ስኔሩ መሃል ላይ በጣት ተጭነህ ትይዛለህ። ሌላውን ጫፍ ወደ መጀመሪያው ማይክ ወጥረህ፣ ማይኩን የሚነካበት ቦታ ላይ ትቋጥራለህ። ከዚያ ጣትህን ሳታነሳ ሲባጎውን ወደ ሁለተኛው ማይክ ታዞራለህ። ቋጠሮው ማይኩ ላይ እስኪያርፍ ስታንዱን ታቀርባለህ ወይም ታርቃለህ። አለቀ። አክስቴ ከበር ሆና እያየች «ልብስ ሰፊ ሆናችሁ እንዴ?» አለች።

ይህንን ያደረግን ጊዜ የተለወጠው ነገር ለማመን ይከብዳል። ሲባጎው ከመዞሩ በፊትና በኋላ ያለውን እያቀያየርኩ አሰማኋቸው። ስኔሩ ሆድ አወጣ። የገዛነው ነገር የለም፣ የተጨመረ ፕለጊን የለም። አንድ ስታንድ አንድ ስንዝር ያህል ተጠጋ።

ኪኩ ላይ የድምፃዊውን ዳይናሚክ ማይክ ተጠቀምን። እንዲህ ያሉ ማይኮች ወደ ድምፁ ምንጭ በቀረቡ ቁጥር ባሱ ይወፍራል፤ ስለዚህ ቆዳው አጠገብ፣ አራት ጣት ያህል ብቻ አርቀን አስጠጋነው። ከላይ ማይኮች ጋር ሲደመር ግን ኪኩ በመጨመር ፈንታ አነሰ። የላይኛው ማይክ ቆዳውን ከአንድ በኩል ያየዋል፣ የኪኩ ማይክ ከሌላው። አንዱ ጋ የሚገፋው አየር ሌላው ጋ የሚስብ ነው። ሶፍትዌሩ ላይ የኪኩን ትራክ የምትገለብጥ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች። ተጫንናት፤ ባሱ ተመለሰ። ይህን ቁልፍ ሳይሞክር ኢኪው የሚከፍት ሰው በከንቱ ይደክማል።

ስለ ድምፅ መጠን ብዙ አልልም። 24 ቢት ከቀዳችሁ ዝቅ አድርጎ መቅዳት ምንም አይጎዳም። ከፍተኛው ምት ከዜሮ፣ ቀረጻው ሊይዘው ከሚችለው ጣሪያ፣ 12 ዴሲቤል ያህል በታች ይሁን። ድራመር ሲፈተን ቀስ ብሎ ይመታል፣ ቀረጻ ሲጀመር ግን ይጋላል። ላፕቶፑን ከቻርጀር መንቀል ጥሩ ነው። በእኛ 50 ኸርዝ መብራት አንዳንድ ቻርጀር «እምምም» የሚል ድምፅ ያስገባል። መብራት ቢሄድም አያስደነግጥም፣ ሳውንድ ካርዱ የሚሠራው በላፕቶፑ ባትሪ ነው። ደሴ ላይ ይህን መቼም መናገር አያስፈልገኝም። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሲኖትራክ ግን መፍትሔ የለውም። ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀይር ወለሉ ራሱ ይሰማዋል። ቆም ትላላችሁ፣ ያልፋል፣ ትቀጥላላችሁ። አዛንም ሲሰማ እንዲሁ፤ እሱስ ሰዓቱ የታወቀ ነው።

ፈጠን ያሉትን ዘፈኖች በአራት ማይክ ጨረስናቸው። አምባሰሉ ላይ ስንደርስ ችግር መጣ። ድራመሩ ዘፋኟን ማየትና መስማት አለበት። ያለዚያ ለምን ድራም ተሸክመን መጣን? በክሊክ፣ ጆሮ ውስጥ በሚቆጥር እኩል ምት፣ የሚሆን ነገር አይደለም። አስቀድማ የቀዳችውን እየሰማ ይምታ የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር፤ እሷ ናት እምቢ ያለችው። «እሱ ካልጠበቀኝ እኔም አልጎትትም» አለች። ልክ ናት። ግን የሳውንድ ካርዱ አራቱም መግቢያ በድራም ተይዟል።

የስኔሩን ማይክ ነቅለን ለእሷ ሰጠናት።

ለመወሰን ትንሽ ተከራክረናል። ድራመሩ ስኔር ማይክ ሲነቀልበት ልብሱን የገፈፍነው ያህል ነው የተሰማው። ግን የላይ ሁለቱን ብቻ ከፍተን ስንሰማ ስኔሩ እዚያው ነበር። ሙሉ ነው፣ እንዲያውም ከቅርብ ማይኩ ይልቅ ስኔር ይመስላል። ማንም ሰው ስኔርን አራት ጣት ርቀት ላይ ጆሮውን ደቅኖ ሰምቶ አያውቅም። እሷ መኝታ ክፍል ውስጥ ቆመች፤ በሩ ገርበብ ብሎ ድራመሩ ፊቷን ብቻ እንዲያይ አደረግን። ሁለቱም ሄድፎን አደረጉ። የድራሙ ድምፅ ወደ እሷ ማይክ ትንሽ ገብቷል፣ የእሷም ወደ ላይ ማይኮቹ። ስቱዲዮ ውስጥ ቢሆን ይህ ጥፋት ነው። እኔ ግን ባላወጣው እመርጣለሁ፤ ሁለት ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ እንደነበሩ ይታወቃል። በመሃል አንድ ቦታ ድምፅዋን ከልምምዱ እጥፍ ጎተተችው። ዱላው አየር ላይ ቆየ። ወረደ። ይህን በኪቦርድ እንዴት አስገባዋለሁ?

ሚክሱ አጭር ነበር። ከስኔሩ በላይ ያለው ማይክ ወደ ቀኝ ግማሽ፣ ፍሎር ቶሙ ጋ ያለው ወደ ግራ ሙሉ፣ ኪክ መሃል። አንድ ኮምፕሬሰር፣ የጎላውን ድምፅ የሚያለዝብ መሣሪያ፣ ለሁሉም በአንድነት፣ በለስላሳው። ብዙ ትምህርቶች የላይ ማይኮችን ባስ ሙልጭ አድርጋችሁ ቁረጡ ይላሉ። ያ አሥራ ሁለት ማይክ ላለው ነው። በሦስት ማይክ የቶሙም የስኔሩም አካል ያለው እዚያ ላይ ነው። የሲኖትራኩን ጉርምርምታ ብቻ ከሥር ትንሽ ቆረጥኩ። ከዚያ የሰማሁት በስልክ ስፒከርና አንድ ባጃጅ ውስጥ ነው። ሰዉ የሚሰማው እዚያ ነው። ግራና ቀኙ አንድ ስፒከር ላይ ሲደመር ስኔሩ ካልጠፋ፣ ሲባጎው በትክክል ዞሯል ማለት ነው።

ሳውንድ ካርዱን ልመልስ ኮምቦልቻ ስወርድ መንዙማ ቀረጻ ላይ ደረስኩ። ሰዎቹ በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል። መሃል ላይ አንድ ማይክ ብቻ አለ። ወዳጄ ድምፁ የጎላውን ሰው ትከሻውን ይዞ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ያስቀምጠዋል፤ ድምፁ ያነሰውን ወደ ፊት ይስበዋል። ድቤ መቺውን ከሁሉም አርቆ ግድግዳው ጋ አድርጎታል። ፌደር የለ፣ ምን የለ። ሰዎቹን እያነሳ እያስቀመጠ ሚክስ ይሠራል። የሁለታችን ሥራ አንድ መሆኑ ገረመኝና ከኪሴ ሲባጎውን አውጥቼ አሳየሁት፤ እንዴት እንደሚዞርም ነገርኩት። ቋጠሮውን አገላብጦ አየው። እሱ በክንዱ ነው የሚለካው።